የ1992 ሚያታዬ ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ጋራዡ "ካምቢዮ ይውረድ" ይላል። እውነት ነው?

ሰብሊ92

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ካምሪና ስለ ፕሪየስ ነው፣ የእኔ ጥያቄ ትንሽ ወጣ ያለ ነው። ግን እጃችሁ ግራሶ የለመደ ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ልሞክር።

መኪናዬ የ1992 ማዝዳ ሚያታ ናት። 1.6 ሞተር፣ ማኑዋል፣ የሸራ ጣሪያ፣ የፊት መብራቶቿ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚሉት ዓይነት። 118 ሺህ ማይል ላይ ናት። ጡረታ ከወጡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው የገዛኋት። ሰውየው በደንብ ይዘዋታል፣ ግን ለዓመታት አልፎ አልፎ ብቻ ነው ያወጧት። ያለሁት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ዓመታዊው ኢንስፔክሽን ደግሞ እየደረሰ ነው።

አሁን ችግሩ ተደራርቦብኛል። ዋናው ዘይት ነው። ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ሥር ካርቶን አነጥፌ ባድር ጠዋት የሳንቲም ያህል ሦስት አራት ጠብታ አገኛለሁ፣ ቀይ መብራት ላይ ስቆም ደግሞ የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። ጋራዥ ወሰድኳት። ሰውየው መኪናዋን አንስቶ ከሥር በባትሪ አየና "የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የኋላ ሲል (ዘይት ማገጃ ጎማ) ነው፣ ካምቢዮ መውረድ አለበት፣ ከወረደ አይቀር ፍሪሲዮኑንም እንቀይረዋለን" ብሎ 1,900 ዶላር ጻፈልኝ። ለፍሪሲዮኑ ማስረጃው ፔዳሉ ነው፤ እውነት ነው ጠዋት ጠዋት እስከ ወለል ይገባል፣ ሁለት ሦስቴ ስረግጠው ነው የሚመለሰው።

ሌላም አለ። ዝናብ ሲጥል ከወንበሮቹ ጀርባ ያለው ምንጣፍ ይረጥባል፣ ጣሪያው ግን የትም አልተቀደደም። የግራው መብራት እንዳሰኘው ነው፤ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ ተኝቶ ይቀራል፣ በአንድ ዓይኗ ስትሄድ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል።

ከየቱ ልጀምር? ካምቢዮ ማውረዱ የግድ ነው? ቁልፍ ይዤ መፍታት አልፈራም፣ የአጎቴ ልጅም ያግዘኛል፤ ክሪክና ማቆሚያ አለን።

ኮሮላ ይሻላል

እህቴ ሽጪያትና ተገላገይ። የ30 ዓመት መኪና እኮ ነው የምታወሪው፣ አንዱን ስትደፍኚ ሌላው ይከፈታል። 1,900 ዶላር ለጥሩ ኮሮላ ቅድሚያ ክፍያ ይሆንሻል። ክፉ አትበይኝ፣ የማየውን ነው የምናገረው።

ጋሽ ካምቢዮ

ሰብሊ፣ ለማንም አንድ ብር እንዳትከፍዪ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቢ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምሠራው። የዚህችን መኪና የዘይት ፍሳሽ ከሥር ብቻ ያየ ሰው ሁሉ የኋላ ሲል ነው ይላል፣ ምክንያቱም ዘይቱ የሚንጠባጠበው እዚያ ጋ ነው። የሚመነጨው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። ኮፈኑን ክፈቺና ከቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ፣ በሞተሩና በፋየርዎሉ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ተመልከቺ። ሽቦ የተሰካበት ክብ ነገር ታያለሽ፤ የካም አንግል ሴንሰር ይባላል። ከካሙ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር የሚገናኝ ስለሆነ ውስጡ ዘይት አለ፣ ያንን ዘይት የምትይዘው ደግሞ አንዲት ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ብቻ ናት። በ30 ዓመት ሙቀት ኦሪንጓ ትደነድናለች፣ ስትነኪያት ቀጭ ብላ ነው የምትሰበረው። ዘይቱ በእሷ በኩል ይወጣና የቴስታታውን ጀርባ ይዞ ቁልቁል ይሄዳል፣ ካምቢዮው ላይ ያርፍና አንቺ ካርቶን ያነጠፍሽበት ቦታ ላይ ጠብ ይላል። በመንገዱ የጋለ የጭስ ማውጫ ሲያገኝ ያ ነው ቀይ መብራት ላይ የሚሸትሽ። የክራንኩ የኋላ ሲል ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ከሥር ስለሚወጣ ያን ያህል ጭስ ጭስ አይልሽም ነበር።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የቫልቭ ሽፋኑ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ነው። እሱም ከኋላ በኩል ካፈሰሰ በዚያው መንገድ ነው የሚወርደው።

እንዴት ትለዪዋለሽ? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የቴስታታውን ጀርባ በቅባት ማጠቢያ አጥበሽ አድርቂው። ከዚያ የተወሰነ ቀን ንጂያትና ትንሽ መስታወትና ባትሪ ይዘሽ እዪ። ሴንሰሩ ሥር እርጥብ ከሆነ ኦሪንጓ ናት። ከሴንሰሩ በላይ፣ የሽፋኑ ጠርዝ ላይ ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ነው። ሁለቱም ደረቅ ሆነው ከሥር ብቻ ዘይት ካለ ያኔ ስለ ካምቢዮ እናወራለን።

ኦሪንጓ የጥቂት ዶላር ዕቃ ናት። ሥራው ላይ ግን አንድ ነገር አደራ፦ ሴንሰሩን ከመፍታትሽ በፊት የቆመበትን ቦታ በነጭ ቀለም ወይም በጭረት ምልክት አድርጊበት፣ ምልክቱ ሴንሰሩንም ቴስታታውንም ይንካ። የዚህች መኪና የእሳት ጊዜ የሚስተካከለው ያንን ሴንሰር በማዞር ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ዞሮ ከተመለሰ ሞተሩ ይደክማል ወይም ይንኳኳል። ቡሎኑ አንድ ነው፣ ባለ 12፣ ግን ከታች በኩል ስለሆነ አይታይም፤ በዳበሳ ነው የምትፈቺው። አዲሷን ኦሪንግ ዘይት ቀቢያት፣ ሴንሰሩን ምልክቱ ላይ መልሺው። ታይሚንግ ላይት ያለው ሰው ካገኘሽ አረጋግጪ፤ ከኮፈኑ ሥር ያለችውን የዳያግኖሲስ ሳጥን ከፍተሽ ቲኢኤን እና ጂኤንዲ የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በሽቦ ታገናኚያለሽ፣ ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ 10 ዲግሪ ማሳየት አለበት።

የቫልቭ ሽፋኑን ከከፈትሽ ጓርኒሲዮኑ ከቀጥታ ወደ ክብ በሚታጠፍባቸው ማዕዘኖች ላይ ብቻ ሲሊኮን ጠብ አድርጊ። ዙሪያውን አትለቅልቂው፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ይወድቅና የዘይት መንገድ ይዘጋል። በዚያው እጅሽ የሞተሩን የውስጥ ጋዝ የሚያስተነፍሰውን የፒሲቪ ቫልቭ ንቀዪና ነቅንቂው፣ ካልተንኳኳ ተዘግቷል ማለት ነው። እሱ ሲዘጋ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ስለሚጨምር ጤነኛ ሲል ሁሉ ዘይት መትፋት ይጀምራል።

ስለ ፔዳሉ። ፍሪሲዮን ስላለቀ ፔዳል ወለል አይገባም! ያለቀ ፍሪሲዮን ይንሸራተታል። ዳገት ላይ በ4ኛ ማርሽ ነዳጅ ርገጪ፤ የሞተሩ ድምፅ ብቻውን ከወጣና መኪናዋ ካልተከተለችው አልቋል። አብሮ ከሄደ ፍሪሲዮንሽ ደህና ነው፣ ችግሩ ፔዳሉን ከፍሪሲዮኑ የሚያገናኘው ዘይት ግፊት ነው። ካምቢዮው ላይ በቀኝ በኩል በሁለት ቡሎን የተያዘች ትንሽ ፓምፕ አለች፣ የታችኛዋ የፍሪሲዮን ፓምፕ። የጎማ ሽፋኗን ወደኋላ ሳቢ፤ ፈሳሽ ከወጣ አበቃላት። ሚያታ ላይ ይህቺ ፓምፕ የታወቀች ናት፣ እንደ ጎማና ፍሬን ሸራ በየጊዜው የሚቀየር ዕቃ ብለሽ ያዢያት። የላይኛዋንም አብረሽ ቀይሪ፣ የታችኛዋ ታድሳ ግፊቱ ሲመለስ ያረጀችው የላይኛዋ ብዙ አትቆይም። ከዚያ አየሩን ማስወጣት ነው፤ የአጎትሽ ልጅ ፔዳል ይረግጣል አንቺ ከሥር ትከፍቻለሽ ትዘጊያለሽ።

ኮሮላ ይሻላል

ጋሼ አሁን ይህን ሁሉ ለመኪና ነው ለልጅ? 😂

ጋሽ ካምቢዮ

ልጅ እንኳ 18 ሲሞላው ከቤት ይወጣል።

የሙኒኩ

ዘይቱን ጋሼ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ውሃው ልናገር፣ ምክንያቱም እሷን መኪና የሚገድላት ዘይት ሳይሆን ውሃው ነው። እዚህ ጀርመን የ1991ዱን ይዣለሁ፣ በየሁለት ዓመቱ ቲዩቭ የሚባለው ምርመራ አለ፣ መርማሪው መጀመሪያ የሚያንኳኳው ከበሩ ሥር ያለውን የጎን ላሜራ ነው፣ በተለይ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት ያለውን ጫፍ። እዚያ ከበሳ ብየዳ ነው፣ ስቱኮ አይቀበሉም።

ላሜራው ከውስጥ የሚበሰብስበት ምክንያት ደግሞ የአንቺ እርጥብ ምንጣፍ ነው። የሸራ ጣሪያው ላይ የወረደ ዝናብ ከወንበሮቹ ጀርባ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት ቀዳዳዎች ገብቶ በቱቦ ከመኪናው ሥር፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት እንዲወጣ ነው የተሠራው። ቅጠልና አቧራ ሲደፍናቸው ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ውስጥ ይፈሳል። ዛፍ ሥር የምትቆም መኪና ላይ ደግሞ ቶሎ ነው የሚደፈነው።

ጣሪያውን ግማሽ ድረስ አንሺ፣ ከመቀመጫ ቀበቶው ምሰሶ ጀርባ በጣትሽ ዳብሺ፣ ቀዳዳውን ታገኚዋለሽ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስ ብለሽ አፍስሺና አንድ ሰው ከሥር ይይ። ወዲያው ካልወጣ ተደፍኗል። የሣር መቁረጫ ማሽን ላይ የሚጠመጠመውን ወፍራም የፕላስቲክ ክር ከላይም ከታችም እያስገባሽ አጽጂው። የልብስ መስቀያ ሽቦ አታስገቢ፣ ቱቦውን ይበሳዋል። በኮምፕሬሰር አየርም አትንፊው፣ ቱቦው ከመገናኛው ከተነቀለ ውሃው በቀጥታ ላሜራው ውስጥ ነው የሚገባው፣ እንደገና መግጠም ደግሞ ፈተና ነው።

ምንጣፉን ደግሞ አንስተሽ አድርቂ፣ ከላይ ደርቆ ሥሩ ያለው ስፖንጅ ሳምንታት ውሃ ይይዛል። በተለይ የተሳፋሪውን እግር ሥር አትርሺ፤ የ1.6ቱ የአሜሪካ ሞዴል ኮምፒዩተሩ እዚያ ምንጣፍ ሥር ነው ያለው፣ ውሃ ከደረሰው ስለ ኦሪንግ ማውራታችን ይቀራል።

ኮሮላ ይሻላል ለምትለው ወንድማችን፦ ማዝዳ ለዚህች መኪና እስካሁን ዕቃ ያመርታል። ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያውን ትውልድ የሚያድስ አገልግሎት እንደሚጀምር ያሳወቀው በ2017 ነው፣ የሸራ ጣሪያውንና የ14 ኢንች ጎማውን ሳይቀር መልሶ አሠርቷል። ከሚሊዮን በላይ የተሸጠ መኪና ዕቃ አይጠፋለትም።

ሶማሌ ተራ ልጅ

ከአዲስ ነው የምጽፈው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው ሥራዬ። ዕድለኞች ናችሁ በሉ፣ እናንተ በስልክ አዛችሁ በር ላይ ይመጣላችኋል። እኛ ሶማሌ ተራ ገብተን ለአንዲት ጎማ ሽፋን ሱቅ ለሱቅ ስንዞር እንውላለን፣ ካልተገኘ ደግሞ ከሌላ መኪና ያለውን ሞርደን ነው የምናስገባው። እዚህ አሁን የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባትም ተከልክሏል፣ ስለዚህ ያለውን መጠገን ነው።

ወደ መብራትሽ። መብራቱን የሚያነሳው ሞተር ተቃጥሏል ብለሽ አዲስ እንዳትገዢ። አንዳንዴ የሚነሳ አንዳንዴ የማይነሳ ነገር አብዛኛውን ጊዜ የግንኙነት ችግር ነው። ሲያቅተው ሞተሩን ጆሮሽን ሰጥተሽ ስሚው። ምንም ድምፅ ከሌለ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፤ ሶኬቱን ንቀዪ፣ አረንጓዴ ሻጋታ ካለ በኮንታክት ማጽጃና በትንሽ ብሩሽ አጽጂ፣ ቦዲ ላይ የሚታሰረውን ሽቦም ፈትተሽ ፍቂና መልሰሽ እሰሪ። ሞተሩ እያለቀሰ የማያነሳ ከሆነ ደግሞ መገጣጠሚያው ደርቆ ነው፣ ዝገት ማላቀቂያ ንፊና ግራሶ አድርጊበት።

እስኪስተካከል ድረስ መንገድ ላይ ከተኛብሽ ሞተሩ አናት ላይ በጎማ ክዳን የተሸፈነ መዘውር አለ፣ በእጅ ስታዞሪው መብራቱ ይነሳል። ከዚያ በፊት ግን ፊውዙን ንቀዪ። መዘውሩን ይዘሽ እያለ ሞተሩ በድንገት ከተነሳ ጣት አይምርም።

ሰብሊ92

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም!

ጋሼ፣ እንዳሉኝ አጥቤ አየሁት። ሴንሰሩ ሥር ዘይቱ እያብረቀረቀ ቁጭ ብሏል፣ በመስታወት ሳየው ከሥሩ አንድ ጠብታ ተንጠልጥላ ነበር። የቫልቭ ሽፋኑ ኋላ ማዕዘንም ትንሽ አርጥቧል። ሥራውን የአጎቴ ልጅና እኔ ሠራነው፤ ያቺ ባለ 12 ቡሎን ግን የሰይጣን ሥራ ናት፣ እጄ ተላጠ። የወጣችው ኦሪንግ በካቻቢቴ ጫፍ ስነካት ለሁለት ተሰበረች፣ ጎማ ነበረች ብሎ የሚያምን የለም። አሁን ካርቶኑ ደረቅ ነው።

ፍሪሲዮኑም እንዳሉት ሆነ። ዳገት ላይ ምንም አልተንሸራተተም። የታችኛዋን ፓምፕ ሽፋን ስስበው ጥቁር ፈሳሽ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሁለቱንም ፓምፖች አዝዣለሁ።

የሙኒኩ፣ ከግራው ቀዳዳ የወጣውን ብታይ! የጥድ ቅጠል፣ ጭቃ፣ ሌላው ቀርቶ በቅላ የነበረች ትንሽ ቡቃያ። ላሜራውን በካቻቢቴ እጀታ አንኳኳሁት፣ ድምፁ ጠንካራ ነው፤ ከሥር ቀለሙ ትንሽ አብጧል ግን አልበሳም። መብራቱን ገና አልነካሁትም።

አሁን ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ስትነሳ ጠዋት ላይ ከላይ ቲክ ቲክ ቲክ ትላለች፣ ስትሞቅ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የታይሚንግ ቺንጊያው (ክራንኩንና ካሙን የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ባለቤቱ አያስታውሱም። ጎማዎቹ ግን አዲስ ናቸው፣ ጥርሳቸው ሙሉ ነው።

ጋሽ ካምቢዮ

አሁን ገና ሰው ሆነሻል።

ቲክ ቲኩ የሃይድሮሊክ ታፔቶቹ (በዘይት ግፊት የሚሠሩት የቫልቭ መግፊያዎች) ናቸው፣ ብዙ የቆመች መኪና ላይ የተለመደ ነው። ዘይት ለውጪ፣ ጥሩ ፊልትሮ ግጠሚ፣ ከዚያ ደህና አድርገሽ አሙቀሽ ረዘም ያለ መንገድ ንጂያት። ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ሞተር አይጎዳም። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ተአምር የሚሸጡልሽን እለፊያቸው፣ በተለይ ፍሳሽ አቁም የሚለውን።

ቺንጊያው በየ60 ሺህ ማይል ነው። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብለሽ ነው የምትነሺው፣ ማይሉ ትንሽ ቢሆን እንኳ ጎማ በዕድሜም ያረጃል። ደግነቱ የዚህ ሞተር ፒስተንና ቫልቭ አይገናኙም፣ ቺንጊያው ቢበጠስ መንገድ ላይ ትቆሚያለሽ እንጂ ቴስታታ አይበላም። ስለዚህ አትደንግጪ፣ ግን አታዘግዪው። ሲከፈት የውሃ ፓምፑን፣ የፊት የክራንክ ሲሉንና የካሞቹን ሲሎች አብረሽ አስቀይሪ፤ ለሁሉም የሚፈታው ያው ነው። የራዲያተሩን አናት ደግሞ እዪ። ጥቁር የነበረው ፕላስቲክ ወደ ቡናማ ከዞረ ሊሰነጠቅ ነው፣ ውሃው ወጥቶ እያለ ቀይሪው። አሉሚኒየም ቴስታታ ሙቀት አይችልም፣ ይህችን መኪና ሳይታሰብ የሚያስቀራት እሱ ነው።

"ጎማዎቹ አዲስ ናቸው" ያልሽው ግን አላመንኩሽም። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመት። አንብቢና ጻፊልኝ።

ሰብሊ92

3512 ይላል። የ2012 35ኛ ሳምንት ማለት ነው?? ጥርሱ እኮ አዲስ ነው!

ጋሽ ካምቢዮ

ጥርሱ ያለው ስላልተነዳ ነው። ጎማው ደንድኗል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዢ መንገዱን አይጨብጥም። ኢንስፔክተሩ ጥርስ ለክቶ ሊያሳልፍሽ ይችላል፣ እኔ ግን አላሳልፍሽም። ከመብራቱም ከቺንጊያውም በፊት ጎማ።

የሙኒኩ

ከጋሼ ጋር ነኝ። 185/60 ባለ 14 ነው። ጎማ ቤቱ ደግሞ እንደ ሌላው መኪና 35 ሞልቶ ይሰድሻል፣ በሩ ላይ ያለውን ስቲከር አሳይው፤ 26 ፒኤስአይ ነው የሚለው። ቀላል መኪና ስለሆነች በ35 ስትሄድ እንደ ኳስ ነው የምትነጥረው።

ጎማው ሲፈታ የኋላውን ፍሬን አብረሽ እዪ፣ ብዙ የቆመች መኪና ላይ የካሊፐሩ ፒኖች ይደርቃሉ። የእጅ ፍሬኑ ሩቅ ድረስ የሚሳብ ከሆነ ኬብሉን ከማጥበቅሽ በፊት ካሊፐሩ ጀርባ ያለችውን መሸፈኛ ቡሎን ፍቺ፣ ውስጧ ባለ 4 ሄክስ ቁልፍ የሚገባበት ማስተካከያ አለ። ጎማው እስኪይዝ አጥብቀሽ ሲሶ ዙር መልሺው።

ባትሪውንስ አይተሻል? ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀኝ በኩል ነው ያለው። መጀመሪያ የመጣው የታሸገ ዓይነት ነበር፣ ጋዙን በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ። አንድ ሰው ተራ የአሲድ ባትሪ አስገብቶበት ከሆነ ተኑ ላሜራውን ይበላዋል። አንስተሽ ሥሩን እዪ።

ሰብሊ92

አሁን ወርጄ አየሁት። ቱቦው አለ ግን የትም አልተሰካም፣ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ባትሪው ላይ "የታሸገ" የሚል ነገር የለም፣ ስድስት ክዳን ነው ያለው። ሥሩ ነጭ ዱቄት ነገር አለ።

የሙኒኩ

ነገ ሳትይ አውጪው። ቦታውን በውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ እጠቢ፣ መፍላቱን እስኪያቆም ድረስ፣ ከዚያ አድርቀሽ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቢ። ጓንት አድርጊ። ስትገዢ ለሚያታ የሚሆን ባለ ቱቦ መተንፈሻ የታሸገ ባትሪ ነው ብለሽ ጠይቂ፣ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ማንኛውም ሱቅ ላይኖረው ይችላል፣ በኢንተርኔት እዘዢ።

ኮሮላ ይሻላል

እሺ ተሸነፍኩ። ግን አንድ ጥያቄ፣ ለራሴ አይደለም፣ ለጓደኛዬ ነው… ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አረንጓዴ የ1991 ሚያታ ሲሸጥ አይቻለሁ፤ ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ምንድን ነው?

ጋሽ ካምቢዮ

ለጓደኛህ እንዲህ በለው፦ የክራንኩን ፑሊ ከፊት ይይ። መሃል ላይ አራት ክፍተት ብቻ ካለው ክራንኩ አፍንጫው አጭር የሆነው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ቡሎኑ በትክክል ካልጠበቀ ፑሊውን ከክራንኩ ጋር የሚያስረው ትንሽ ብረት የሚቀመጥበት ቦታ ይበላል። ስምንት ከሆነ የተስተካከለው ነው። የ1991 ላይ ሁለቱም ዓይነት ይገኛል። አራት ከሆነና ሞተሩ እየሠራ ፑሊው የሚንገዳገድ ከሆነ ትቶት ይሂድ። ከዚያ ምንጣፉን ያንሳ።